በየእሁዱ የምትሞቺበት መንገድ

እህቴ ኢቲዳል፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ከሁሉ በፊት ክስ አለኝ። ያሸከምሽኝ ማንጎ ነቀምት ሳንደርስ በሰለ፣ ከነቀምት ወዲህ ፈሰሰ፤ ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ መንገዱን ሙሉ ነጠላቸውን ሰብስበው እንደ ወንጀለኛ ሲያዩኝ መጡ። ለአላህ ሰጥቼሻለሁ!

አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪ። እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ፣ ተሻለው? አብዱልሐሚድን ያ ሳል ለቀቀው ወይስ አሁንም ጎረቤት ይቀሰቅሳል? ባምባሲ ዝናብ ጣለ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ አሶሳ ያስተምር የነበረው መምህር ሙሉጌታ ቤት አርፌያለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ አንድ ነገር እንኳ ስለማታስጨርሺኝ ነው፤ ወረቀት ግን ብትጮኺበትም አይቆምም። ዋሊድ ያንብብልሽ።

«ልጄን ከዚያ ቴአትር ከሚሉት ጉድ አውጥተህ ይዘህልኝ ና» ብለሽ ነው የላክሽኝ። ስለዚህ ትናንት እሁድ፣ ለዓፊያ መምጣቴን ሳልነግራት፣ ወደዚያ ዝነኛ የቴአትር መንገድ ወረድኩ። ዝናው ይቅርብሽ! ግድግዳው ሁሉ የሰው ፊት ተለጥፎበታል፤ አንዱ ፊት የቤታችሁን በር ያክላል፣ አንድ ጥርሱ ብቻ ጡብ ያህላል። ካፌው ውስጥ በዚያ ሙቀት ሻርፕ የጠመጠሙ ወጣቶች አንዲት ማኪያቶ ለሦስት ታቅፈው፣ አርቲስት መሆናቸውን እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ሌላ የሚነግራቸው ስለሌለ መሰለኝ። ጥቁር መነጽራቸውንም እንዳደረጉት ጨለማው አዳራሽ ውስጥ ይገባሉ። አንደኛው «አባባ፣ ከየት ነዎት?» አለኝ። ከአሶሳ አልኩት። «ኦ! ጭፈራ ሊያሳዩን መጥተው ነው?» አለ። «የለም ልጄ፣ የእናንተን ለማየት ነው የመጣሁት፤ እስካሁን ግን አልጀመራችሁም» አልኩት።

ገባሁ። ባልና ሚስት ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ፤ ይህን ያህል ሕዝብ ትኬት ቆርጦ ዝም ብሎ ያያቸዋል። ተነስቶ «ተዉ እናንተ» የሚል አንድ ሽማግሌ የለም። አንቺና አብዱልሐሚድ ስንት ዓመት በነጻ አሳያችሁን! እኛ ዘንድ የጭፈራው ጡሩምባ ሲነፋ ሁሉም ተነስቶ እየዞረ ይጨፍራል፤ ቁጭ ብሎ የሚያይ የታመመ ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ ዓፊያ ወጣች። የሰው ጸጉር ደፍታ፣ በዚያ ረጅም ተረከዝ ጭቃ ውስጥ እንደገባች ዶሮ እግሯን እያነሳች። ሳቅኩ። ሳቄን ታውቂዋለሽ፤ ከቀብር ላይ እንኳ ያስባረረኝ ሳቅ ነው። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሷም ሰማች፤ ቆመች፣ ቃሏ ጠፋባት። ለካ የእናቷን መርዶ የምትሰማበት ቦታ ኖሯል። አዎ፣ በየእሁዱ ትሞቻለሽ፤ አልሰማሽም እንጂ። የተጻፈላት ሲጠፋባት በቋንቋችን ማልቀስ ጀመረች። እናታችንን ስንቀብር አንቺ ያልሽውን አለች፦ «በሩን ክፍት ትተሽ፣ እኔን ለማን ትተሽ»። ያኔ ሕፃን ነበረች፤ እንዴት እንደያዘችው አላህ ይወቅ። ከእኔ በቀር ቃሉ የገባው ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚያስል እንኳ አልተሰማም። እኔም እጄን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። ሳልጠብቃት ወጣሁ።

እንግዲህ ፍርዴን ልንገርሽ። መንገዱ የሥራ ፈቶች መንገድ ነው፣ ቴአትሩም ገለባ። ስለዚህ ልጅሽን ዓርብ አሳፍሬ…

በር ተንኳኳ። እስኪ ልየው።

ዓፊያ ናት፣ ሻንጣዋን ይዛ። አዲስ አበባ ስመጣ ሙሉጌታ ቤት እንደማርፍ ታውቃለች። «ሳቅህን ለየሁት አጎቴ። አንተ ከሳቅህብኝ ማን ያከብረኛል? ተነስ ውሰደኝ» አለችኝ። የላክሽኝ ለዚህ ነበር፤ ያለ ድካም አገኘሁት። ግን ኢቲዳል፣ በእኔ ሳቅ የተባረረች ልጅ ይዤልሽ አልመጣም። ሻንጣሽን አስቀምጪ፣ የሚመጣው እሁድ ፊት ወንበር ላይ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ አልኳት። መንገዱን አሁንም እንቀዋለሁ፤ እሷን መናቅ ግን አቃተኝ። የግድ ትምጣ ካልሽ ራስሽ መጥተሽ ውሰጃት፤ መጀመሪያ ግን ቁጭ ብለሽ ስትሞቺ እዪ።

አብዱልሐሚድን ከነሳሉ ሰላም በይልኝ። ዋሊድ፣ ፈርተህ የዘለልከው መስመር ካለ ተመለስና አንብበው። ትንሿን ዐርዋን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ዓፊያን ለእናትሽ ሰላምታ ላኪ ብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች። በእሷ ስም ፈጥሬ ልጽፍልሽ ብዕሬን አነሳሁና አፈርኩ።

ወንድምሽ ጁምዓ
አዲስ አበባ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.