ክታብና ክትባት

ወገዳ፣ ኅዳር 14 ቀን 1964 ዓ.ም.

ዛሬስ አንጀቴ እርር ብሏል። የፈንጣጣ ክትባት ልሰጥ እዚህ ከመጣሁ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። መጀመሪያ ክንዳቸውን የሰጡኝ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ፤ እሳቸውን አይቶ ሰዉ ሁሉ ተሰለፈልኝ። ዛሬ ጠዋት ግን አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው እያስነጠሱ መጡና ሰልፉ ፊት ቆሙ።

«ይኸው ከትበኸኝ ጉንፋን ጣለኝ። ምኑን ጠበቀኝ?»

«የኔታ፣ ይኼ ለፈንጣጣ ብቻ ነው። ለጉንፋን አይሆንም።»

«ታዲያ ለምን ክትባት አልከው? ክታብና ክትባት ግሳቸው አንድ ነው። እኔ የምጽፈው ክታብ የቁርጥማቱንም የሳሉንም የዓይነ ጥላውንም ስም ይዞ ነው አንገት ላይ የሚታሰር። ያንተው ለአንድ በሽታ ብቻ?»

ግስ ላስተምራቸው ነው? ፈንጣጣ ከወንዙ ማዶ ገብቷል፣ ሕፃናት እየተቀበሩ ነው ብዬ ለመንኩ። ማን ይስማኝ! እናቶቹ ልጆቻቸውን እንዳዘሉ አንድ በአንድ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ይኼን ስም ያወጣው ሰው ወገዳ መጥቶ ቢያስረዳልኝ ደስ ባለኝ።

ይባስ ብሎ ከሰዓት በኋላ እኔም ማስነጠስ ጀመርኩ። መሪጌታ ይኼን ሰምተው በቀይ ቆዳ የተሰፋ ክታብ በባለቤታቸው እጅ ላኩልኝ።

«ይኼኛው ለጉንፋንም ይሆናል በይው ብለውኛል» አሉኝ ሴትዮዋ፣ ሳቃቸውን እንደምንም አፍነው።

በንዴት የመድኃኒት ሳጥኑ ላይ ወረወርኩት። አሁን ግን ደጋግሜ አየዋለሁ። ነገ አንገቴ ላይ አስሬው ብወጣ እናቶቹ ይመለሱ ይሆን?