ነጠላዬን የለበሱት ሴትዮ

ሮተርዳም፣ ታኅሣሥ 1978 ዓ.ም.

ልጄ ይመኙሻል፣ እመቤቴ ከሰው አገር ክፉ ትሰውርሽ፤ ትምህርቱን ትግለጽልሽ። እኛ ከአባትሽ ሳል በቀር ደህና ነን። ሰፈራችን ዴልፍስሃቨን በረዶ ጥሏል።

የጎረቤታችን የየትነበርሽ ልጅ ነጋ ለፈረንጆች ገና ከዚያው ከቴክሳስ መጥቶ ነበር። ዩኒቨርሲቲያችሁ ከመስፋቱ የተነሳ ከክፍል ወደ ክፍል በአውቶቡስ እንደምትሄዱ ሲያጫውተን ዋለ። ከዚያ «እትዬ፣ ይቺን የወላጆች ቀን ነው የተነሳናት» ብሎ ፎቶ ሰጠኝ። ስታዲየሙ ውስጥ ትስቂያለሽ። አጠገብሽ ቤታቸው የምትኖሪባቸው አሜሪካዊት ሴትዮ አሉ። ደረታቸው ላይ ትልቅ አበባ ተሰክቷል፤ ትከሻቸው ላይ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ብዬ የላክሁልሽ ነጠላዬ አለ። «አበባውን ለእናት ነው የሚሰኩት» አለኝ ነጋ፣ ምኑንም ሳያውቅ።

በስልክ ልምጣ ስልሽ «እማዬ፣ እዚህ የወላጆች ቀን የሚባል የለም» ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ከሥራ ፈቃድ እኮ ጠይቄ ነበር! አባትሽ ፎቶውን አይቶ «ደግ ሴት ናቸው» አለ።

በርቺልኝ፤ ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ፤ ለሴትዮዋም ይስጣቸው። ነጠላውን አትውሰጂባቸው። አለባበሱን ብቻ አሳዪያቸው፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገውታል። አንቺ ታውቂያለሽ፣ እንዲያ የሚለበሰው ሰው ሲሞት ነው። እኔ ደግሞ አልሞትኩም።

እናትሽ