በመዝሙሩ ሥር የቀረው ድምፅህ

ለወንድሜ ለጋሼ ደገፉ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ያ ጉልበትህ እንዴት ነው? የመተሐራ ሙቀት በዚህ ዕድሜህ እንዴት ይዞሃል? የእትዬ ሰርካለም ስኳር ወረደላት ወይ? ሶልያናስ ከነልጇ ደህና ናት? እኛ በሶዶ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ ዝናቡ ቆሟል፣ ዘመን መለወጫችን ጊፋታም በሰላም አልፏል። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ ፊደሉ የተንጋደደው የራሴ እጅ ስለሆነ ነው። ስልክ መደወል እችል ነበር፤ ግን ድምፅህን ስሰማ የምናገረው ይጠፋኛል።

ጋሼ፣ ባለፈው ቅዳሜ በኤፍ ኤም ሬዲዮ የተናገርከውን ሰምቻለሁ። ያቺ ሶሲ የምትባለው ጋዜጠኛ የወላይታ ዘፈን ከካሴት እስከ ስልክ ድረስ እንዴት እንደተለወጠ ነው የምታቀርበው። ለጊፋታ በየሱቁ ሲጮህ የከረመው የአንድ ወጣት ዘፋኝ ዘፈን፣ በዩቲዩብ ላይ "የሕዝብ ዜማ" ተብሎ የተጻፈበት፣ ዜማው ያንተ መሆኑን ስትነግራት "ማስረጃ አለዎት?" አለችህ። አንተም "አንድ ካሴት ነበረኝ፣ የእህቴ ባል አጠፋው፤ ነፍሱን ይማር" አልክ። ልጄ ሊድያ አጠገቤ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቢላዋውን አስቀምጣ "እማዬ፣ አባዬ ነው?" አለችኝ። ሬዲዮውን ዘጋሁት።

ባለቤቴ መልአኩ ካሴቱን አላጠፋውም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

በ1987 ዓ.ም. ነው። አዲስ አማኝ ነበርኩ፤ ጌታን የተቀበለ ሰው ቤቱ ውስጥ ዘፈን አያስቀምጥም ይባል ነበር። ጎረቤቶቼ ካሴታቸውን አቃጠሉ። እኔ አንተ እንዳስቀምጥልህ የሰጠኸኝን ማቃጠል አልሆነልኝም፤ መዝሙር ብቀዳበት የሚቀደስ መሰለኝ። ማንም እንዳይቀዳበት ብለህ የጀርባውን ሁለት የፕላስቲክ ምላሶች ሰብረህ ነበር። ቀዳዳዎቹን በወረቀት ጠቅጥቄ ፕላስተር ለጠፍኩባቸው። ስለዚህ ሳላውቅ ነው ልልህ አልችልም። ከመዘምራን እህቶች ጋር ቴፑ ፊት ቆመን በሁለቱም በኩል ዘመርንበት።

አንተ አዲስ አበባ ሙዚቃ ቤት ላድርሰው ብለህ ያኔ ከምትኖርበት ከቤሌ ስትመጣ፣ ገና ስትከፍተው የእኛ መዝሙር ወጣ። "ማነው?" ብለህ ስትጮህ ሊድያን አርግዤ ነበር፤ ፈርቼ አንገቴን ደፋሁ። መልአኩ ከወንበሩ ተነስቶ "እኔ ነኝ" አለ። አንገቱን አነቅከው፤ እሱ እጁን እንኳ አላነሳም። ከዚያ ወዲያ ቤታችንን አልረገጥክም፤ ሲሞትም ለቅሶ አልመጣህም። መልአኩ በሕይወት ሳለ "ኧረ ጻፊለት" ይለኝ ነበር። መጀመሪያ መጻፍ አልችልም ነበር። በኋላ ከመዝሙር ደብተርና ከካሴት ልባስ ላይ ፊደል እየለቀምኩ ራሴን አስተማርኩ፤ ከቻልኩ በኋላ ግን ምክንያት አልነበረኝም፣ ቢሆንም አልጻፍኩም።

ሌላም የደበቅኩህ ነገር አለ። በካሴቱ ሁለተኛ ፊት መዝሙራችን ቀድሞ ያልቅና ከሱ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል ያንተ ክራር ይቀራል። መጨረሻው ላይ ዜማውን ያወጣኸው አንተ መሆንህን፣ ቀኑንም ትናገራለህ። ይህን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቃለሁ። እዚያ ሊደርስ ሲል ሁልጊዜ ቴፑን አጠፋዋለሁ።

ሰኞ ዕለት ካሴቱን ይዤ ጀማለዲን ሱቅ ሄድኩ። ያ ካሴት ያባዛልን የነበረው ጀማለዲን በኋላ ቪሲዲ፣ ቀጥሎ ሜሞሪ ላይ ዘፈን መጫን ሠርቶ፣ ዛሬ የስልክ ልባስ ይሸጣል፤ ቴፑ ግን ከባንኮኒው ሥር አለ። ድምፅህ ሲወጣ ሳቅ አለና "ብርቄ፣ የዛሬ ዘፈን እኮ ሰላምታ የለውም፤ በር ገንጥሎ ነው የሚገባ። ደገፉማ መግቢያውን እስኪጨርስ ሁለት ደንበኛ እሸኝ ነበር" አለኝ። በካሴት ዘመን ዘፋኝ አይቸኩልም ነበር አለ፤ ቪሲዲ ሲመጣ ዓይን ጭፈራ ፈለገ፣ ኪቦርዱም ፈጠነ፤ አሁን ደግሞ ስልክ የያዘ ሰው አንድ ደቂቃ አይታገስም። እውነቱን ነው። እኔ ግን የማስበው፣ ያኔ ካሴቱ አዲስ አበባ ቢደርስ ኖሮ እነዚህ ልጆች ሲቸኩሉ እንኳ የማንን ዜማ ይዘው እንደሚሮጡ ያውቁ ነበር።

በማግስቱ ጣቢያው ሄጄ ካሴቱን ለሶሲ ሰጠኋት። "እማማ፣ መዝሙሩን ቆርጠን እናውጣው፤ ለእርስዎም ይሻላል" አለችኝ። አይቆረጥ አልኳት። ማን እንዳጠፋው በራሴ አንደበት ተናግሬያለሁ፤ ጥቅምት 22 ቅዳሜ ይተላለፋል። ጌታ ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ፤ አንተን ሳልጠይቅ ስለ ይቅርታ ስዘምር መኖሬ ነው የሚያሳፍረኝ። ለሊድያም ነገርኳት። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ልብሴን ታጥብልኛለች፤ ግን ይኸው ሦስት ቀኗ፣ እማዬ አላለችኝም።

ለእትዬ ሰርካለም ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ። ሶልያናን እቀፍልኝ፣ የትንሹን የኪሩቤልን ጉንጭ ሳምልኝ። ጀማለዲን አክብሮ ሰላም ብሎሃል። ሊድያ ሰላም ትልሃለች እንዳልል አልጠየቅኳትም።

ጋሼ፣ በየጊፋታው ስትጽፍልን የቤቱን ሰው በየስሙ እየጠራህ ሰላም ስትል የመልአኩን ስም ትዘለው ነበር። ያኔ ደብዳቤህን የሚያነብልኝ እሱ ነበር። ስሙ መኖር የነበረበት ቦታ ሲደርስ ትንሽ ቆም ይልና ይቀጥላል። መልስ ከጻፍክልኝ፣ ለእኔ ሰላምታ ባይኖርህም፣ አንድ ጊዜ ስሙን ጻፈው። ጮክ ብዬ አነበዋለሁ።

እህትህ ብርቄ
ወላይታ ሶዶ
ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.