ጋሽ ደሳለኝ የተኛበት መጽሐፍ

ረቡዕ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ዛሬ መናገር የነበረብኝን ነገር ሳልናገር ቀረሁ።

አባዬ ወደ ቦኖሻ ሰው የሚያመላልስባት የኤሌክትሪክ መኪና ስለቆመች ሞተሯ ወርዶ ይጠገን ተባለ። የተጠራው ጋሽ ደሳለኝ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ አይሱዙ ሲፈታ የኖረ ሰው። ገጥሞ ሲጨርስ ሁሌም ብሎን ይተርፈዋል። በቻይንኛ የተጻፈውን የመኪናዋን መመሪያ ሲያይ ሳቀና መሬት ላይ ዘርግቶ ተኛበት።

«ሞተር ሞተር ነው» አለ ከመኪናዋ ሥር። «ይቺ ደግሞ ናፍጣ እንኳ የማትቀምስ ጾመኛ ናት!»

አባዬ ሳቀ። ጋሽ ደሳለኝ የተናገረው ሁሉ ያስቀዋል።

ሻይ ሊጠጡ ሲሄዱ መጽሐፉን አንስቼ ግራሶውን ጠረግኩና በስልኬ አስተረጎምኩት። ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ብርቱካናማ ገመድ ከመነካቱ በፊት ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ማቋረጫ መነቀል አለበት፤ ካልተነቀለ ሰው ይገድላል ይላል። ጋሽ ደሳለኝ የፈታው የፊቷን ትንሽ ባትሪ ብቻ ነው። «አሁን ሬሳ ናት» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ነበር።

ሲመለሱ «ጋሼ፣ መጽሐፉ…» አልኩ።

«ከስምንተኛ አቋርጠሽ ቻይንኛ ጀመርሽ?» አለኝ። አባዬ አሁንም ሳቀ። አንገቴን ደፋሁ። ሰውየውን ናቅኩት፤ ራሴን ደግሞ ከእሱ አብልጬ።

ደግነቱ የሞተሩ ብሎን አልፈታ ስላለው መኪናዋን ከተነሳችበት ክሪክ አውርደው ለነገ ቀጠሩ። ነገ ሞተሩን ከሥር ሆኖ የሚደግፈው አባዬ ነው።

ጠዋት ጋሽ ደሳለኝ ሳይመጣ መጽሐፉን ለአባዬ አነብለታለሁ። ድምፄ እምቢ ካለኝ ክሪኩን እንሰቱ ውስጥ እደብቀዋለሁ። አበደች ይበሉኝ።