ከሣጥኑ ውስጥ የዘፈንሽ ዕለት

ውድ ሚጢጢ፣

ነርስነቱን ትተሽ ቴአትር ቤት ስትገቢ ምንም አላልኩም። የሙሽራዋን ሚና አገኘሁ ብለሽ ልትነግሪኝ ስትመጪ ግን «ሬሳ ሆነሽ ስትዘፍኚ ቁጭ ብዬ አላይም» አልኩሽና ተኳረፍን። እንግዲህ ስሚኝ፤ አይቼሻለሁ። አንዴም አይደል፣ አራቴ። ሁሌም ከሰዓት በኋላ፣ የሥራ ጋውኔን ቦርሳዬ ውስጥ ጠቅጥቄ፣ ከኋላ ረድፍ።

መጀመሪያ የመጣሁት ለመታዘብ ነበር። ያንን መጽሐፍ እኔና አንቺ ገጾቹ እስኪላቀቁ አንብበነዋል፤ በሰርጓ ማግስት ከነነፍሷ ተቀብራ፣ ተነሥታ የየቤቱን በር የምታንኳኳዋን ሙሽራ። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይዘፈናል ብዬ ነበር። ለካ ታሪኩ እስኪዘፈን ድረስ ጎዶሎ ነበር። መጽሐፉ ላይ እሷ አንዲት ቃል አትተነፍስም፤ ዝም ብላ ታስፈራለች። እናንተ ድምፅ ስትሰጧት፣ አስፈሪዎቹ በራቸውን ዘግተው «ማንም የለም፣ ማንም የለም» እያሉ የሚዘምሩት ጎረቤቶቿ ሆነው አረፉት። ከበሮ እንኳ የለም፤ ምቱ በሙሉ የእንጨት መንኳኳት ነው። ቤቴ ድስት ሳጥብ እጄ ያንን ምት ሲመታ ያዝኩት።

ሦስተኛ የመጣሁበት ቀን ግን ሌላ ነው። ከሬሳ ሣጥኑ ውስጥ የምትዘፍኚው የመጀመሪያው ስንኝ ሲያልቅ ክዳኑ እንደሚከፈት በቃሌ አውቃለሁ። አልተከፈተም። ሙዚቀኞቹ ዜማውን ደገሙት። ቀባሪ ሆነው የሚጫወቱት ሁለቱ ክዳኑን ሲታገሉት አየሁ። ሰዉ የትርዒቱ ክፍል መስሎት ጸጥ ብሎ ያያል። እኔ ሐኪም ቤት የሰው ትንፋሽ ስቆጥር የምውል ነኝ፤ በማይክሮፎኑ የሚመጣው ትንፋሽሽ ሲያጥር፣ ሲቆራረጥ ሰማሁ። ብድግ አልኩ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ «ተቀመጪ ልጄ፣ ገና መዝፈኗ ነው» አሉኝ። እግሬ ግን መተላለፊያው ላይ ደርሷል።

ለምን እንደተነሣሁ ልንገርሽ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሽ የእማዬ ቁም ሣጥን የተዘጋብሽ ቁልፉ ተበላሽቶ አይደለም። እኔ ነኝ የቆለፍኩብሽ። ሙሽራዋን ሁኚልኝ ብዬ አስገባሁሽ፤ የጎረቤት ልጆች ጠሩኝ፤ ጨዋታው ይዞኝ ረሳሁሽ። እማዬ ስታወጣሽ ከለቅሶ ብዛት ድምፅሽ ተዘግቶ ነበር። አባዬ አናጢውን ሲረግም እኔ አጠገቡ ቆሜ «እውነት ነው» እያልኩ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ ወዲህ ሊፍት ገብተሽ አታውቂም። አላይሽም ያልኩሽም ቴአትሩን ንቄ አይደለም፤ ሣጥን ውስጥ እንደምትገቢ ስትነግሪኝ ያ ቁም ሣጥን ስለታወሰኝ ነው።

መተላለፊያው ላይ እንደቆምኩ ድምፅሽ መጣ፤ ዝግ ብሎ፣ ከወትሮው ወፍሮ። ሁለተኛውን ስንኝ ከዚያው ከውስጥ ዘፈንሽው። ሦስተኛውንም። እንጨቱን እየመታሽ ምቱን ራስሽ ያዝሽው፤ ሙዚቀኞቹ ተከተሉሽ። ክዳኑ ሲከፈት በላብ ተጠምቀሽ ተነሣሽ፣ ቆምሽ፣ ዘፈኑንም ሳታጎድዪ ጨረስሽው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ወንበሬ ላይ ስመለስ ሽማግሌው ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት ወይ ብለው ጠየቁኝ።

«አይ፣ ዛሬ ብቻ ነው» አልኳቸው።

አራተኛ ጊዜ የመጣሁት ደግመሽ ትገቢበት እንደሆነ ለማየት ነው። ገባሽ፤ እግርሽ እንኳ አላመነታም። ከዚያ በኋላ እኔ በምን አፌ ዝም እላለሁ?

ቶሎ ይቅር በይኝ ብዬ አላጣድፍሽም። ተቆጪኝ፣ ያሻሽን በይኝ፤ ይገባኛል። ለእማዬ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። «በይ ቅዳሜ ውሰጂኝ፣ ግን ከፊት አስቀምጪኝ፤ ዓይኔ ሩቅ አያይም» አለችኝ። ሁለተኛው ረድፍ መሃል ላይ ነን። ሲያልቅ በጓሮ በር እንጠብቅሻለን። ወጥተሽ ብታናግሪኝ ደስታውን አልችለውም፤ በሌላ በር ብትሄጂም አላኮርፍም፣ በሳምንቱ መጥቼ እንደገና አጨበጭባለሁ።

አድናቂሽ፣
ታላቅ እህትሽ