እማዬ፣ ክሩን የቆረጠው አይጥ አልነበረም

እማዬ፣ አንቺዬ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ገባ። እኛ ደህና ነን። የወልድያው ቤት ቆርቆሮ ተቀይሯል፤ የስፌት መኪናሽ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፣ ማን ይደፍራታል! ሰይፉ፣ ያ ስንት ያለቀስሽለት የበኩር ልጅሽ፣ መርሳ ላይ ሱቁን አስፍቶ፣ ሸብቶ ተቀምጧል። ልጄ መቅደስ አሥር ዓመት ሞላት፤ ነገረኛ ሆናለች፣ ባንቺ ወጣች።

ዛሬ የምጽፍልሽ ልናዘዝ ብዬ ነው።

በደርግ ጊዜ አባባ ከአሰብ በከባድ መኪናው ጭኖ ያመጣው ቴሌቪዥን ትዝ ይልሻል? አንቺ የሰው ቀሚስ ይዘሽ ከስፌትሽ መነሳት ሲሰለችሽ፣ የድምፁ ማዞሪያ ላይ ክር ጠመጠምሽ፤ ባዶ የክር ማጠንጠኛዎች ግድግዳው ላይ በሚስማር መትተሽ፣ በእነሱ ላይ አሳልፈሽ ጫፉን እስከ መኪናሽ አመጣሽው። ጎተት ስታደርጊው ድምፁ ይጠፋል። መመለስ ግን አያውቅም፤ ለዚያ ተነሺ የምባለው እኔ ነበርኩ። ሪሞት የሚባል ነገር ያልሰማ ሰፈር ሁሉ ጉድ ሊያይ መጣ። አንቺ እቴ፣ ሙያ በልብ ነው ብለሽ ዝም!

ሰይፉ ሲዘምት ግን ክሩ ሌላ ሥራ ያዘ። የጦር ግንባር ወሬ በጀመረ ቁጥር ትስቢዋለሽ፤ ዜና አንባቢው ያለ ድምፅ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ አንቺ መርፌሽ ላይ ታቀረቅሪያለሽ። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ከዜናው በኋላ የሚመጣው ዘፈን መጀመሪያው ስለሚያመልጠኝ እበሽቅ ነበር። አንድ ቀን ገበያ ወጥተሽ ሳለ በራስሽ መቀስ ቆረጥኩት።

ምሽት ዜናው ሲጀምር ሳብሽ፤ ክሩ እጅሽ ላይ ቀረ። ተነስተሽ እስክትዘጊው ስለ ውጊያው ሰማሽ። ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ አለቀስሽ። ወየው እማዬ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አይጥ ነው አልሽ፤ በማግስቱም ከጎረቤት ድመት ተውሰሽ መጣሽ። እኔም ድመቷን እያየሁ ዝም አልኩ። ሰይፉ በሰላም ቢመለስም ነገሩ ሆዴን ሲበላኝ ኖረ፤ ሳልነግርሽ አመለጥሽኝ።

ባለፈው ፋሲካ ለሰይፉ ነገርኩት። ሳቀብኝ! ስንት ዓመት ልብስ የቆረጠች ሴት መቀስ ያረፈበትን ክር አታጣውም አለኝ፤ አንቺው ነግረሽው ኖሯል። ድመቷን ያመጣሽው ልጅቷ እንዳትሸማቀቅ ብለሽ ነበር። ያን ስሰማ ስስቅም ሳለቅስም ዋልኩ፤ ከዚያ ወዲህ ልቤ ቀሎኛል።

ባለፈው ሳምንት መቅደስ የቴሌቪዥናችንን ሪሞት ከመስኮቱ ላይ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጥላ፣ ደርቃ ቆመች። ዓይኗን ወዴት እንደምታሸሽ ጠፍቷት ነበር። ንፋስ ጥሎት ይሆናል አልኳት፤ መስኮቱንም ተነስቼ ዘጋሁ።

እማዬ፣ አልረሳሽም። እኔ እስካለሁ እዚህ ቤት ልጅ አይሸማቀቅም።