አራቱ ቀይ ሶኬቶች እንዳይፋቁ

ለሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ቀን፦ ረቡዕ፣ ለምርቃቱ ሁለት ቀን ሲቀረው

ጉዳዩ፦ በታደሰው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የቀባሁት የጥፍር ቀለም እንዲቆይና የተሰጠኝ ማስጠንቀቂያ እንዲስተካከል ስለማመልከት

እኔ አመልካች በሆስፒታሉ ጥገና ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ከመዝገብ ስሜ ይልቅ ፊውዝ ብል ቶሎ ያስታውሱኛል፤ የቢሮዎን ቬንቲሌተር በየዓመቱ የምጠግነው እኔ ነኝ።

1. ክፍሉ ከመታደሱ በፊት ከጄኔሬተሩ ጋር የተያያዙት ሶኬቶች ክዳናቸው ቀይ ነበር። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ሰው ማንንም ሳይጠይቅ መሣሪያውን ቀዩ ላይ ይሰካ ነበር። የሕክምና ተቋማት የኤሌክትሪክ ደንባችንም የታደሰ ክፍል እንደ አዲስ እንዲታይና እነዚህ ሶኬቶች በቀለም እንዲለዩ ያዛል። የማስዋቡን ሥራ የያዙት ባለሙያ ግን ቀይ ዓይን ይወጋል ብለው የክፍሉን አሥራ ሁለት ሶኬቶች በሙሉ ከግድግዳው ጋር የሚሄድ የክሬም ክዳን አለበሷቸው። እውነቱን ለመናገር ያምራል። እኔም ሳየው ሆቴል መሰለ ብያለሁ።

2. በርክክቡ ቀን አሥራ ሁለቱንም በቴስተር ሞክሬ ሁሉም ስለሠሩ ፈረምኩ። መብራት እያለማ የማይሠራ ከየት ይመጣል? ዋናውን አጥፍቼ በጄኔሬተር ብቻ መሞከር ነበረብኝ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ቸኩዬ ነበር።

3. ክፍሉ ገና ባይመረቅም ሥራ ጀምሯል፤ ሕፃናት እንደሆኑ ሪባን እስኪቆረጥ አይጠብቁም። ሰኞ ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ወዲያው ቢነሳም የአንዲት የሁለት ቀን ሕፃን ማሞቂያ እንደጠፋ ቀረ። ስደርስ ኃላፊዋ ነርስ መሰኪያውን ይዛ ከሶኬት ሶኬት ትዞራለች።

"ፊውዝ፣ የሚሠራው የቱ ነው?" አለችኝ።

አላወቅሁም። አላውቅም ለማለትም አፍሬ አብሬያት መሞከር ጀመርኩ። አምስተኛው ላይ ሠራ። ሕፃኗ እስከዚያ እናቷ ደረት ላይ ታቅፋ ስለነበር ደህና ናት፤ እንዲያውም ከሁላችንም በላይ ስትጮህ ነበር። እኔ ግን ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

4. በማግስቱ ከጄኔሬተሩ ማከፋፈያ ሳጥን ተነስቼ ሽቦውን እየተከተልኩ አንድ በአንድ ለየሁ። ከጄኔሬተሩ ኃይል የሚያገኙት አራት ብቻ ናቸው። መጋዘን ቀይ ክዳን ብጠይቅ የለም አሉኝ። ስለዚህ የልጄን የጥፍር ቀለም ከቤት አምጥቼ አራቱን ቀባሁ። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ትንሽ መዝረክረኩን አልክድም። ልጄ ቅዳሜ ሚዜ ስለሆነች እስካሁን አኩርፋኛለች።

ዛሬ ጠዋት የእድሳት ኮሚቴው የተቋሙን ንብረት አበላሽተሃል ብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። እንግዶች ሳይመጡ፣ እስከ ነገ ማታ ፍቄ እንዳጠፋም አዘዘኝ።

ስለሆነም ደንቡ የሚፈልገው ቀይ ክዳን መጥቶ እስኪገጠም ድረስ ቀለሙ እንዳይፋቅ፣ ሌሎቹም የታደሱ ክፍሎች በጄኔሬተር ብቻ ሳይፈተሹ እኔን ጨምሮ ማንም እንዳይፈርምባቸው እንዲያዙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። እንግዶቹ ይህ ምንድን ነው ካሉ እዚያው ቆሜ አስረዳለሁ፤ ንጹሕ ሸሚዝም አለኝ።

ማስጠንቀቂያው ይነሳልኝ አላልኩም። "ቀለም በመቀባቱ" የሚለው ወጥቶ "ሳያጣራ በመፈረሙ" ተብሎ ይጻፍልኝ። ያኔ ያለ ቅሬታ እቀበላለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ፊውዝ
የጥገና ክፍል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኃላፊ ነርስ
እህቴ፣ ሰኞ ዕለት ለጠየቅሽኝ መልሱ፦ ቀይ የተቀቡት አራቱ ናቸው።